ከዴልሂ ታሽኬንት ስንት ሰዓት ነው? መልሱ እንደ አውሮፕላኑ ባንዲራ ነው

«ከዴልሂ ታሽኬንት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል። 1,580 ኪሎ ሜትር ገደማ። የበረራው ሰዓትም አብሮ ይመጣለታል። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት። ከአዲስ አበባ ጅዳ ከሚወስደው ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ቁጥሩ ስህተት የለበትም። ሉል ላይ ክር ወጥሮ ቢለካም ያው ነው። ነገር ግን ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ይህ ቁጥር ለአንዱ አየር መንገድ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኡዝቤኪስታን አየር መንገድ ከታሽኬንት ተነስቶ በሦስት ሰዓት ገደማ ዴልሂ ያርፋል። የህንድ አየር መንገድ ግን በዚያ መንገድ ማለፍ አይችልም። ሁለቱም ኤርባስ 320 ሊያበሩ ይችላሉ። መነሻና መድረሻቸው አንድ ነው። የሚለያቸው አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ብቻ ነው።

እኔ ይህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም ባይ ነኝ። ስለ ህንድና ፓኪስታን ጠብ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሚሳይልና ስለ ድንበር ነው። የተዘጋውን ሰማይ የሚያነሳ ጥቂት ነው። በየቀኑ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን እሱ ነው። የሚከፍለውም በአብዛኛው ከጠቡ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። ዴልሂ ለሕክምና የሚመጣ የኡዝቤክ በሽተኛ አለ። ሳማርካንድና ታሽኬንት ሕክምና የሚማሩ ብዙ ህንዳውያን ተማሪዎች አሉ። ነጋዴው፣ ቱሪስቱ፣ ዘመድ ጠያቂውም አለ። ህንድና መካከለኛው እስያ በየብስ አይገናኙም። መሐላቸው ፓኪስታንና አፍጋኒስታን፣ ከዚያም የቻይና ተራሮች አሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች አውሮፕላን የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ያለው መንገድ እሱ ነው።

የሰዓቱ ሒሳብ

መጀመሪያ ያ ሁለት ሰዓት ተኩል ከየት እንደሚመጣ እንይ። ርቀት የሚነግሩ ድረ ገጾች አሠራራቸው ቀላል ነው። የሁለቱን ኤርፖርቶች አቀማመጥ ይወስዳሉ። በመሬት ክብ ላይ አጭሩን መስመር ያሰላሉ። ከዚያ በሰዓት 800 ወይም 850 ኪሎ ሜትር ብለው ያካፍላሉ። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። አለቀ።

አየር መንገዱ ቲኬት ላይ የሚያትመው ሰዓት ግን ሌላ ነገር አለበት። አውሮፕላኑ ከበሩ ተገፍቶ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። እንደ ዴልሂ ባለ ሥራ የሚበዛበት ኤርፖርት መሬት ላይ ብቻ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መንከባለል የተለመደ ነው። ከላይ ደግሞ ነፋስ አለ። በእስያ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በተለይ በክረምት አንዱን አቅጣጫ ያፈጥናል፣ ሌላውን ያዘገያል። ዴልሂና ታሽኬንት በአብዛኛው የደቡብና የሰሜን መንገድ ስለሆኑ ነፋሱ እንደ ሌሎቹ ረጅም መስመሮች አያስቸግራቸውም።

የሰዓት ልዩነቱም ሰው ያሳስታል። ህንድ ከግሪንዊች በአምስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ኡዝቤኪስታን በአምስት። ስለዚህ ቲኬት ላይ መነሻ 10፡00፣ መድረሻ 12፡30 ተብሎ ቢጻፍ በረራው ሦስት ሰዓት ነው እንጂ ሁለት ሰዓት ተኩል አይደለም። ሲመለሱ ደግሞ ያው ሦስት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመስላል።

ይህ ሁሉ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሰዓቱን በእጥፍ የሚያሳድገው ሌላ ነው።

የተዘጋው በር

ኤፕሪል 22 ቀን 2025 በህንድ በምትተዳደረው ካሽሚር ውስጥ ፓሃልጋም በሚባል የቱሪስት ቦታ ታጣቂዎች 26 ሰዎች ገደሉ። ህንድ ፓኪስታንን ከሰሰች። ፓኪስታን እጄ የለበትም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 24፣ ፓኪስታን የአየር ክልሏን ለህንድ አየር መንገዶች ዘጋች። ህንድም ኤፕሪል 30 ለፓኪስታን አውሮፕላኖች ዘጋች። ሜይ 7 ላይ ውጊያ ተጀመረ። ሜይ 10 ቆመ። ሰማዩ ግን አልተከፈተም።

እገዳው የሚወጣው ኖታም በሚባል ማስታወቂያ ነው። ኖታም ለአብራሪዎችና ለበረራ ክፍሎች የሚላክ አጭር መልእክት ነው። አንዱ ኖታም የሚቆየው አንድ ወር ያህል ነው። በየወሩ 23 እና 24 አካባቢ ሲደርስ ፓኪስታን ታድሳለች፣ ህንድም ታድሳለች። እንዲህ እየተባለ 2025 አልቆ 2026 ገባ። አየር መንገድ ደግሞ የበረራ ሰሌዳውን የሚያወጣው ከወራት በፊት ነው። በየወሩ የሚታደስ እገዳ ማለት ሁልጊዜ «ምናልባት በሚቀጥለው ወር ይከፈት ይሆናል» እያሉ መጠበቅ ማለት ነው። ያንን ይዞ ማቀድ አይቻልም።

ካርታውን እንመልከት። ከዴልሂ ወደ ታሽኬንት ቀጥታ ቢሰመር መስመሩ የህንድን ፑንጃብ ያልፋል። ካሽሚርንና የፓኪስታንን ሰሜናዊ ተራሮች ያቋርጣል። ዋካን የሚባለውን ቀጭን የአፍጋኒስታን ምላስ ይነካል። ከዚያ በታጂኪስታን ፓሚር በኩል አድርጎ ታሽኬንት ይገባል። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በተግባር ከዚህ መስመር ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላሉ። ቢሆንም ፓኪስታንን ሳይረግጡ ማለፍ አይችሉም።

ፓኪስታን ከተከለከለች ለህንድ አውሮፕላን ሁለት አማራጭ ይቀረዋል። አንደኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ የአረብ ባሕር ላይ መውጣት ነው። ጉጃራትን አልፎ፣ የፓኪስታንን የባሕር ላይ የአየር ክልል ዞሮ፣ በኦማን አጠገብ አድርጎ ኢራን ይገባል። ኢራንን ከደቡብ እስከ ሰሜን በምሥራቅ ጫፏ ይሄዳል። ከማሽሃድ በኋላ በቱርክሜኒስታን አድርጎ ታሽኬንት ይደርሳል። ይህንን መንገድ በካርታ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ስለካው ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። ከ1,580 ጋር ይተያይ። ዴልሂ ተነስቶ፣ ዱባይ ትራንዚት አድርጎ ታሽኬንት የሚሄድ ሰው የሚጓዘው እንኳ 4,400 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር የህንድ አውሮፕላን «ቀጥታ» በረራ ዱባይ ደርሶ ከመመለስ ብዙም አይሻልም።

በ2023 የህንዱ ኢንዲጎ ከዴልሂ ወደ ታሽኬንትና ወደ ካዛኪስታኗ ከተማ አልማቲ ቀጥታ በረራ ጀምሮ ነበር። ኢንዲጎ በትንንሽ አውሮፕላኖችና በርካሽ ቲኬት የሚሠራ፣ በህንድ ውስጥ ትልቁ አየር መንገድ ነው። ሰማዩ በተዘጋ በቀናት ውስጥ፣ ኤፕሪል 27 የአልማቲውን፣ ኤፕሪል 28 የታሽኬንቱን አቆመ። ምክንያቱን ሲናገር ሁለቱ ከተሞች አሁን ካሉት አውሮፕላኖች አቅም ውጪ ናቸው አለ። አስቡት። 1,580 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ከተማ «አቅም አይደርስም» ተባለች።

ነዳጁ፣ ሙቀቱ፣ ሠራተኛው

እዚህ ላይ «ኤርባስ 320 እኮ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፣ ይችላል። ግን የአምራቹ ወረቀት ላይ ያለው ርቀትና በሜይ ወር ከዴልሂ የሚነሳ ሙሉ አውሮፕላን የሚሄደው ርቀት ለየቅል ናቸው።

ኤርባስ 320 በሰዓት ሁለት ቶን ተኩል አካባቢ ነዳጅ ይበላል። ዙሪያ ጥምጥሙ የሚጨምረው 2,600 ኪሎ ሜትር ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሰባት ቶን ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። 180 ተሳፋሪ ቢጭን ለእያንዳንዱ ሰው 40 ኪሎ የሚጠጋ ነዳጅ ማለት ነው። ተሳፋሪው ከሚፈቀድለት ሻንጣ ይበልጣል። ይህም ለመሄድ ብቻ ነው፤ መመለሻው ሌላ 40 ኪሎ አለው። ነዳጁም ራሱ ክብደት ነው። እሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል።

ከዚያ መጠባበቂያው አለ። ማንኛውም አውሮፕላን መድረሻው ኤርፖርት ቢዘጋበት ወደ ሌላ ኤርፖርት የሚሄድበት ነዳጅ፣ ከዚያም በላይ በሰማይ የሚዞርበት መያዝ ግዴታው ነው። ዴልሂ ላይ ደግሞ በሜይና በጁን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ትኩስ አየር ይሳሳል። ክንፉ ያነሰ ያነሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ያንን ሁሉ ነዳጅ ጭኖ ለመነሳት መቀመጫ ባዶ መተው ሊያስፈልግ ነው። በርካሽ ቲኬት የሚሠራ አየር መንገድ ባዶ መቀመጫ ይዞ ከበረረ ይከስራል።

ሠራተኛውም አለ። ሦስት ሰዓት በሚፈጀው መንገድ ያው አብራሪና ያው አስተናጋጆች ሄደው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ስድስት ሰዓት በሚጠጋው መንገድ ግን መመለሻው ሲጨመር ሁለት አብራሪዎች በቀን እንዲበሩ ከሚፈቀድላቸው ሰዓት ያልፋል። ሆቴል ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቡድን ያስፈልጋል። አውሮፕላኑም በቀን ሁለትና ሦስት መንገድ ይሠራ የነበረው አንድ መንገድ ላይ ይውላል። እኔ እንደማየው መስመሩን የገደለው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው።

በዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥሙም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ጁን 13 ቀን 2025 እስራኤል ኢራንን ስትመታ ኢራን ሰማይዋን ዘጋች። በእነዚያ ቀናት በኢራን በኩል ሲዞሩ የነበሩት አውሮፕላኖችም ሌላ መንገድ ፍለጋ ገቡ። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይበልጥ ራቁ።

በሰሜን ለምን አይሄዱም?

ሁለተኛው አማራጭ ሰሜን ነው። ህንድ ከቻይና ጋር ትዋሰናለች። በላዳክ በኩል ወጥቶ፣ ካራኮራምን ተሻግሮ፣ ሺንጂያንግ በሚባለው የምዕራብ ቻይና ክፍል አድርጎ መካከለኛው እስያ መግባት በካርታ ላይ በጣም አጭር ነው። ግን ተራራው አለ።

ተራራው አውሮፕላኑን አይደርስበትም። ኬ2 8,611 ሜትር ነው፤ አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ይበራል። ጭንቁ ሌላ ነው። በመንገድ ላይ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ግፊት ቢጠፋ ከላይ ጭምብሉ ይወርዳል። ያ ጭምብል የሚሰጠው ኦክስጅን በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ከ12 እስከ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብራሪው 3,000 ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት፤ ሰው ያለ ጭምብል የሚተነፍሰው እዚያ ነው። ታዲያ በካራኮራምና በቲቤት ላይ 3,000 ሜትር የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ ራሱ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ለመብረር የተለየ የኦክስጅን ዝግጅት፣ አስቀድሞ የተሰመረ የማምለጫ መንገድና አደጋ ቢመጣ የሚያስተናግድ ቅርብ ኤርፖርት ያስፈልጋል።

የቻይና ፈቃድም ያስፈልጋል። አካባቢው የጦር ኃይሉ የአየር ክልል ነው። በኖቬምበር 2025 ሮይተርስ እንደዘገበው የህንዱ አየር መንገድ ኤር ኢንዲያ ሺንጂያንግ ውስጥ ባለችው በሆታን በኩል እንዲያልፍ ቻይና እንድትፈቅድለት የህንድ መንግሥት እንዲያነጋግርለት ሲጠይቅ ነበር። ህንድና ቻይና ራሳቸው በመካከላቸው ቀጥታ በረራ ከጀመሩ ገና ወር አልሞላቸውም ነበር። ለአምስት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነው በኦክቶበር 2025 የተመለሰው። በዚህ ዓይነት ግንኙነት ላይ የጦር ሰማይ ይከፈትልን ማለት ምን ያህል ሩቅ ጥያቄ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ሆኖም መጠየቃቸው ራሱ የችግሩን መጠን ያሳያል።

የአፍጋኒስታንንም ነገር ልጨምር። ከኦገስት 2021 ወዲህ የአፍጋኒስታን ከፍተኛ ሰማይ የራዳር ተቆጣጣሪ የለውም። እዚያ የሚያልፉ አብራሪዎች ያሉበትን ቦታና ከፍታ በሬዲዮ ራሳቸው እየተናገሩ፣ የሌላውንም እየሰሙ ነው የሚሄዱት። ማለፊያው በአውሮፕላን 700 ዶላር ነው። የታሊባን መንግሥት የዚያን ገንዘብ ጥቅም ያውቀዋል፤ ሰማዩን አልዘጋም። ተቆጣጣሪ የሌለው ሰማይ ክፍት ሆኖ ተቆጣጣሪ ያለው ጎረቤቱ የተዘጋ ነው።

አዲስ ነገር አይደለም

በ1944 ቺካጎ ላይ አገሮች ተሰብስበው ዛሬም ድረስ የሚሠራውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ፈረሙ። አንቀጽ 1 ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አገር ከመሬቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው። አንቀጽ 9 ደግሞ አገሮች በጸጥታ ምክንያት ሰማያቸውን መዝጋት እንደሚችሉ ይናገራል። ግን ሲዘጉ የአንዱን አገር አውሮፕላን ከሌላው መለየት እንደሌለባቸው ያስቀምጣል። ህንድና ፓኪስታን ሁለቱም ፈራሚዎች ናቸው። አሁን እያደረጉ ያሉት ግን በትክክል ያንን መለየት ነው። የኡዝቤኩ ይለፍ፣ የህንዱ አይለፍ። የህንድ ሰማይ ላይም የፓኪስታኑ አይለፍ።

ታሪኩን ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ይገርማል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ የሚባለው፣ በአገሮች መካከል ያለ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበለት በ1952 ነው። ከሳሽ ህንድ፣ ተከሳሽ ፓኪስታን። የክሱ ጭብጥ ከዴልሂ ካቡል የሚሄዱ የህንድ አውሮፕላኖች በፓኪስታን ምዕራባዊ ድንበር ላይ እንዳያልፉ ተከለከሉ የሚል ነበር። ያኔ ነገሩ በድርድር ተፈታ። ፓኪስታን መተላለፊያ ለመክፈት ተስማማች። ሰባ ሦስት ዓመት አልፎ ሁለቱ አገሮች እዚያው ክርክር ላይ ናቸው።

በጣም ከባዱ የ1971ዱ ነው። በዚያ ጊዜ ፓኪስታን ሁለት ክፍል ነበረች። አንዱ የዛሬዋ ፓኪስታን፣ ሌላው የዛሬዋ ባንግላዴሽ። መሐላቸው ህንድ አለች። ጃንዋሪ 30 ቀን 1971 ሁለት ወጣቶች የህንድን የአገር ውስጥ አውሮፕላን ጠልፈው ፓኪስታን ውስጥ ላሆር አሳረፉ። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፣ አውሮፕላኑ ግን ተቃጠለ። ህንድ በቀናት ውስጥ የፓኪስታን አውሮፕላኖች በሰማይዋ እንዳያልፉ ከለከለች። ከምዕራቡ ክፍል ካራቺ ወደ ምሥራቁ ክፍል ዳካ በቀጥታ 2,360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓኪስታን አውሮፕላኖች ከዚያ በኋላ በህንድ ደቡብ ጫፍ ዞረው፣ በስሪላንካ በኩል፣ ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር መሄድ ጀመሩ። አንድ አገር ከራሱ ሌላ ግማሽ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በእጥፍ ረዘመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ጦርነት ተነስቶ ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች። ሰማዩ ብቻውን ይህን አመጣ ማለት አይቻልም። ግን ሁለቱ የፓኪስታን ክፍሎች ምን ያህል እንደተራራቁ ለሁሉም አሳየ።

ፓኪስታን ያኔ ለኢካኦ አቤት አለች። ህንድ የኢካኦ ምክር ቤት ይህን የማየት ሥልጣን የለውም ብላ ሄግ ወዳለው የዓለም ፍርድ ቤት ይግባኝ ወሰደችው። ፍርድ ቤቱ ኦገስት 18 ቀን 1972 በ14 ለ2 ድምፅ ምክር ቤቱ ሥልጣን አለው ብሎ ወሰነ። በረራው የተመለሰው ግን በ1976 ሁለቱ ሲስማሙ ነው። ከ2002 መጀመሪያ እስከ 2004 መጀመሪያም እንደገና ተዘግቶ ነበር። በ2019ም እንደገና።

ይህ የእነሱ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን። የታይዋኗ ታይፔና የቻይናዋ ሻንጋይ በ690 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። እስከ 2008 ድረስ በመደበኛ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሆንግ ኮንግ ወይም ማካው ደርሶ መዞር ነበረበት። በጁላይ 2008 የቅዳሜና እሁድ በረራ ሲፈቀድም አውሮፕላኖቹ ሆንግ ኮንግ ሰማይ ድረስ ወርደው ነበር የሚመለሱት። በባሕሩ ላይ ቀጥታ መሄድ የተፈቀደው ዲሴምበር 15 ቀን 2008 ነው። ጉዞው በአንድ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት በላይ አጠረ።

ከሁሉም ይበልጥ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የዴልሂና የቴል አቪቭ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለ70 ዓመት ያህል ወደ እስራኤል የሚሄድ በረራ በሰማይዋ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ማርች 22 ቀን 2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ኤር ኢንዲያ ከዴልሂ ተነስቶ በኦማንና በሳዑዲ አድርጎ በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ቴል አቪቭ አረፈ። የእስራኤሉ ኤል አል ግን ያ ፈቃድ አልተሰጠውም። ወደ ህንድ ሲሄድ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ይዞ፣ በኤርትራና በየመን መሐል አልፎ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መዞሩን ቀጠለ። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ኤል አል ፍትሐዊ ውድድር አይደለም ብሎ አገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ሳዑዲ ሰማይዋን ለሁሉም የከፈተችው በጁላይ 2022 ነው። ያኔ በባንዲራው የተጠቀመው ኤር ኢንዲያ ነበር። ዛሬ በዚያው ባንዲራ የሚጎዳው እሱ ነው።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። አዲስ አበባና አስመራ በ700 ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ በረራ ነው። ከ1998 ጦርነት በኋላ ለሃያ ዓመት ግን ዘመዱን ለማየት የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። ጁላይ 18 ቀን 2018 የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲሄድ ተሳፋሪዎቹ ያለቀሱት መንገዱ ስለረዘመ አልነበረም።

ማን ከሰረ?

ሁለቱም። ኤር ኢንዲያ በ2025 ለመንግሥት በጻፈው ደብዳቤ እገዳው ዓመት ከቆየ 600 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ ወጪ እንደሚያመጣበት ገምቷል። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የዴልሂ–ዋሽንግተን ቀጥታ በረራውን ሲያቆም ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ፓኪስታን ደግሞ ከሰማይዋ የምታገኘውን የማለፊያ ክፍያ አጣች። የመከላከያ ሚኒስቴሯ ለፓርላማ እንደተናገረው ከኤፕሪል 24 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ ብቻ 4.1 ቢሊዮን የፓኪስታን ሩፒ ሄዷል። ኢኮኖሚዋ ተቸግሮ ከውጭ ብድር ለምትጠይቅ አገር ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ያተረፈም አለ። የኡዝቤኪስታን አየር መንገድ ተፎካካሪው ከመንገዱ ወጣለት። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶችም ከዴልሂ በዱባይና በሻርጃ የሚያዞሩት ተሳፋሪ አላቸው። ተሳፋሪው ግን አማራጩ ቀንሶበታል። አንድ መስመር ላይ አንድ አየር መንገድ ብቻ ሲቀር የቲኬት ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

«ጸጥታ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚል መልስ ይሰጣል። ለእኔ ይህ መልስ አይበቃም። የጸጥታ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የሁሉም አገር አውሮፕላን ነበር የሚታገደው፣ አንቀጽ 9ም የሚለው ይህንኑ ነው። የኡዝቤኩና የሌሎች አገሮች አውሮፕላን ከዴልሂ ተነስቶ በላሆር ሰማይ ሲያልፍ ምንም አልሆነም። እገዳው ቅጣት ነው። ቅጣቱም የሚያርፈው ፓሃልጋም ላይ የተደረገውን ባላደረገ፣ ሚሳይልም ባልተኮሰ ሰው ላይ ነው።

ጠቡ እስኪፈታ መጠበቅ ግዴታ እንዳልሆነም 2019 ያሳየናል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ህንድ በፓኪስታኗ ባላኮት ላይ ካደረገችው የአየር ድብደባ በኋላ ፓኪስታን ሰማይዋን ዘጋች። የህንድ አየር መንገዶች በጠቅላላው ወደ 550 ክሮር፣ ማለትም 5.5 ቢሊዮን የህንድ ሩፒ ከሰሩ። ፓኪስታንም 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጣች። ጁላይ 16 ላይ ተከፈተ። ምንም የተፈረመ የሰላም ስምምነት አልነበረም፤ ኪሳራው በዝቶ ነው የተከፈተው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦገስት 5፣ ህንድ የካሽሚርን ልዩ አስተዳደር ሰረዘች። ፓኪስታን የህንድን አምባሳደር አስወጣች። ንግድ አቆመች። በሁለቱ አገሮች መሐል ይመላለስ የነበረው ባቡር ቆመ። በሴፕቴምበር የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር አውሮፕላን በሰማይዋ እንዲያልፍ ሲጠየቅ እምቢ አለች። የመንገደኞቹ አውሮፕላን ግን በዚያው ሁሉ መሐል በፓኪስታን ሰማይ ማለፉን ቀጥሎ ነበር።